ዳዊት እንኳ አያስደግሙም

በዚህ በአሜሪካ ለአያት የቀረ ሥራ ቢኖር ሆስፒታል ተቀምጦ መጨነቅ ነበር። እሱንም ወሰዱብን።

ትልቁ የልጅ ልጄ ጭንቅላቱን ኤምአርአይ ሲነሳ ነገሩ ወግ ነበረው። ሕፃን አርፎ አይተኛም፤ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በማደንዘዣ አስተኙት። ለማደንዘዣው ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ እህል አይቀምስም። እሱ ሲጾም እኔ ልበላ ነው? አብሬው ጾምኩ። እስኪደነዝዝ፣ እስኪነሳ፣ እስኪነቃ፣ አልቅሶ እስኪበቃው ድረስ ዳዊቴን ደግሜ ውዳሴ ማርያም ጨመርኩበት። ቤተሰቡ ሁሉ «አባባ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» አለ። ተከበርኩ።

ዘንድሮ የታናሽየዋ ተራ ደረሰ። ዳዊቴን፣ መነጽሬንና ዳቦ ቆሎዬን ይዤ ሄድኩ። ጾም የለም፤ ማደንዘዣ የለም። ካርቱን ከፍተውላት አስገቧት። ገና ወገቤን ሳላመቻች ወጥታ «አባባ፣ አይስክሬም!» አለችኝ። ምኑን ጸለይኩት?

ባለሙያዋ የጎንደር ልጅ ናት። «የኔ ልጅ፣ ሳትጨርሱ ነው እንዴ ያወጣችኋት?» አልኳት። «አዎ አባባ፣ ሳንጨርስ ነው» አትለኝም! ማሽኑ ድሮ የሚሰበስበውን መረጃ ሁሉ ዛሬ አይሰበስብም። ከፊሉን ብቻ ይወስዳል፤ የጎደለውን ኮምፒውተር ይሞላዋል። ዲፕ ለርኒንግ ይሉታል፤ ብዙ የተሟሉ ምስሎችን እያየ የተማረ ፕሮግራም ነው።

እኔ እንደገባኝ፣ አይጥ የበላውን ብራና ለአንድ አዛውንት ደብተራ ሰጥቶ የጎደለውን ከቃሉ እንዲሞላ ማድረግ ነው። መልካም። ግን ያ ብራና ሌላው ላይ የሌለ የራሱ ቃል ቢኖረውስ? ደብተራው የለመደውን ጽፎበት ያልፋል፤ ጽሕፈቱም ስለሚያምር ማንም አይጠረጥርም። ፕሮግራሞቹም ይህ ዓመል አለባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ የአንጎል ምስል ውድድር ላይ በሰውየው ራስ ውስጥ የሌለ ነገር ሥለው የተገኙ ነበሩ። ትምህርቱ ከአዋቂ ምስል ብቻ ከሆነማ ምን ሊበጅ ነው? የጨቅላ አንጎል በኤምአርአይ ሲታይ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መልኩ ይገለባበጣል።

ይህን ሁሉ ስላት አለመቆጣቷ አናደደኝ። «እውነትዎን ነው አባባ፤ ለዚህ ነው ራዲዮሎጂስቱ ራሱ የሚያየው» አለች። ቀጥላም የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከፌስቡክ ጋር ሆነው የጉልበት ምስል በሩብ መረጃ ሠርተው፣ አንባቢዎቹ ከሙሉው እኩል እንደተጠቀሙበት ነገረችኝ። ፌስቡክ! ልጄ ወጥ የምታሳርርበት ፌስቡክ ጉልበት ያያል?

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ግን አፌን አስያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የተራዘመ ወይም የተደጋገመ ማደንዘዣ የአንጎል እድገትን ሊጎዳ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። ለካ ያን ጊዜ እኔ ስከበር የነበረው በልጁ ሒሳብ ነው። እሺ፣ ፍጥነቱን ተቀብያለሁ።

ቢሆንም ድሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዶክተር ዳማዲያን የመጀመሪያውን የሰው ገላ የኤምአርአይ ምስል ሊያነሳ ራሱ ማሽኑ ውስጥ ገባ፤ አልሆነም፤ ወፍሮበታል ተባለ። ቀጭን ረዳቱን አስገባው፤ እሱም አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። ዳዊት የሚያስደግም ምርመራ ያ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2003 የኤምአርአይ የኖቤል ሽልማት ለሌሎች ሁለት ሰዎች ሲሰጥ ዳማዲያን በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ገዝቶ አጉረመረመ። ይህን ሰው በሕይወት ሳላገኘው መቅረቴ ይቆጨኛል።

አሁን የቀረኝ አቤቱታ አንድ ነው። ያ ማሽን አሁንም ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ ለልጅቱ የጆሮ መከለያ ሰጧት፣ ለእኔ ግን በር ዘጉብኝ። እናንተ የኮምፒውተር ሊቃውንት፣ ሰዓቱን ቀንሳችሁልናል፤ እባካችሁ ጩኸቱንም ቀንሱልን።