ልጅ መውለድ በአርሴናል ደጋፊ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ፦ አጭር ጥናት

ክፍል አንድ፦ የችግሩ መነሻ

የአዲስ አበባ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደጋፊ በሁለት ዋና ዋና ወገኖች፣ ማለትም በአርሴናልና በማንቸስተር ዩናይትድ፣ ይከፈላል። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ይሰባሰባል፤ አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ይቀመጣል፤ ለማይሰማው ዳኛ ምክር ይሰጣል። ልጅ ሲወልድ ከአግዳሚው ይጠፋል። ጓደኞቹ "ወለደ እኮ" ይባባሉና ቦታውን ለሌላ ያስረክባሉ። ከዚህ በመነሳት ወላጅነት ደጋፊነትን ይገድላል የሚል ግምት በሰፊው ተይዟል። ይህ ጥናት ግምቱን አይቀበልም። ልጅ የሚያስቀረው ከቤት መውጣትን ነው፤ ደጋፊነቱ ግን አብሮ ቤት ይገባና ይብስበታል።

ጥናቱ የተካሄደው በምልከታ ነው። ቃለ መጠይቅም ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን ያልወለዱት "ቆይ፣ ቅጣት ምት ነው" በማለታቸው፣ የወለዱት ደግሞ "ቀስ በል፣ ገና መተኛቱ ነው" በማለታቸው ተቋርጧል።

ክፍል ሁለት፦ ሰዓትና ድምፅ

አንድ ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው። የ15 ደቂቃ ዕረፍትና የባከነ ሰዓት ሲታከልበት ሁለት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ያልወለደ ደጋፊ ይህንኑ ግማሽ ቀን ያደርሰዋል፤ ከጨዋታው በፊት አሰላለፍ ያወጣል፣ ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኝ ያባርራል። የወለደው ግን የሚያየው በቁራጭ ነው፦ የመጀመሪያውን ጎል ሽንት ቤት ቆሞ በስልክ፣ ሁለተኛውን ፓምፐርስ ሊገዛ በሄደበት ሱቅ፣ የቀረውን ሰኞ ጠዋት ከሥራ ባልደረባው አፍ።

በአንጻሩ የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታዎች፣ አውሮፓውያን የክረምት ሰዓታቸውን ሲይዙ፣ በአብዛኛው በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራሉ። ጨቅላ ሕፃንም የሚነቃው በዚሁ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ አባት "አንቺ ተኚ፣ እኔ እይዘዋለሁ" ሲል ተስተውሏል። አማቱ ይህን መልካም ጠባይ ለጎረቤት ሁሉ ተናግረዋል። ፈቃደኝነቱ ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ የሚታይበት ምክንያት ግን ተጨማሪ ጥናት ያሻዋል።

የድምፁ ለውጥ ከዚህ የከፋ ነው። የታቀፈው ልጅ እንዳይነቃ ጎል በዝምታ መከበር አለበት። ደጋፊው አፉን ይከፍታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ነጻ የሆነውን አንድ እጁን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ፊት ለፊት ካለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ በመስኮት ያየ ሰው ጥርስ ሕመም ይመስለዋል። ጎሉ በቫር ሲሰረዝ የሚታየው ምልክትም ያው ነው።

ክፍል ሦስት፦ የተዘነጋችው ተመልካች

አባት ከዲኤስቲቪ ቤት መቅረቱ ይታወቃል፤ ይታዘንለታልም። እናት መቅረቷን ያስተዋለ የለም፤ ቀድሞውንም ወንበር የያዘላት አልነበረምና። ይሁንና ይህች ሴት ከወንድሞቿ ጋር ኳስ እያየች ያደገች፣ ከጨዋታ ውጭ የሚባለውን ሕግ ካገባችው ሰው በተሻለ የምታውቅ ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ምልከታው ያሳየው ውጤት ያልተጠበቀ ነው። የምታጠባ እናት ከሶፋ አትነሳም። እጇ ተይዟል፤ ዓይኗ ግን ነጻ ነው። ስለዚህ ከቤተሰቡ ሙሉውን 90 ደቂቃ የምታየው እሷ ብቻ ናት። አባት አጥሚቱን አሙቆ ሲመለስ ጎል ማን እንዳገባ፣ ኳሱን ማን እንዳቀበለው፣ መስመር ዳኛውም ትክክል እንደነበር የምትነግረው እሷ ናት። አባት ግን "እስኪ ድጋሚ ያሳዩት" ብሎ ቆሞ ይጠብቃል።

ክፍል አራት፦ ውርስ

የጥናቱ ዓይነተኛ አባት ቡድኑን የመረጠው እ.ኤ.አ. በ2003/04 አርሴናል 38 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ዋንጫ ሲያነሳ ነው። በ2006 ፓሪስ ላይ በባርሴሎና 2 ለ 1 ሲረታ አየ። በ2011 ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ሲሸነፍም አየ። የሊጉ ዋንጫ ሳይመለስ 20 ዓመት ሲያልፍም አብሮ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቀ ለልጁ የሚገዛው የመጀመሪያ ልብስ የአርሴናል ማሊያ ነው። ለልጁ ዕዳ ላለማውረስ ዕቁብ የሚጥል ሰው፣ ይህን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያወርሳል።

ልጁ አፉን ሲፈታ ማንቸስተር ሲቲን ይመርጣል። ለምን ሲባል "ያሸንፋላ!" ይላል። ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 ሊጉን አራት ጊዜ በተከታታይ ስለወሰደ፣ በመልሱ ላይ የአመክንዮ ጉድለት አልተገኘም። አባት ወደ ሥነ ምግባር ይዞራል፤ ስለ ታማኝነት፣ በክፉ ቀን ስለ መቆም ይሰብካል።

ይህ ስብከት በአያት ፊት ሲካሄድ ይከሽፋል። አያት ከጥንት ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ደጋፊ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲቀበል፣ እሳቸው ስታዲየም ነበሩ። "አንተስ ብትሆን፣" ይላሉ፣ "በአንድ ታክሲ የሚደረስበትን ቡድን ትተህ ለንደን አልሄድክም?" የዚህ ክፍል ምልከታ በዚሁ ተጠናቋል።

ክፍል አምስት፦ የውሳኔ ሐሳብ

ችግሩን በእቅድ ለመፍታት ተሞክሯል። ሊጉ በግንቦት ስለሚያልቅ ልጅ በግንቦት መጨረሻ ቢወለድ ይመረጣል። ለዚህ መፀነስ ያለበት ነሐሴ መጨረሻ ነው። ያ ወቅት ደግሞ የዝውውር መስኮት የሚዘጋበት በመሆኑ ደጋፊው ዓይኑን ከስልኩ አያነሳም። እቅዱ በዚህ ደረጃ ላይ ይሰናከላል።

እንደ ምንም ቢሳካ፣ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሐምሌ መግቢያ ላይ ክርስትና ይነሳል፤ ሊጉም ገና ነው። ሴት ከሆነች ግን 80 ቀኗ የሚሞላው ነሐሴ 10 ገደማ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሊጉ በሚከፈትበት ሰሞን ነው። በዚያን ዕለት አባት ስልክ መነካካት አይችልም። ስለዚህ ኳስ የምትከታተል የክርስትና እናት አስቀድሞ መፈለግ ይገባል። ክፍል ሦስት እንዳመለከተው እንዲህ ያሉ ሴቶች ሞልተዋል፤ የቸገረው የሚያያቸው ነው። የተገኘችው የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ከሆነች ጉዳዩ ከጥናቱ ወሰን ስለሚያልፍ ለንስሐ አባት ይቀርባል።