ፀሐይም ድርሻ አላት

የዓባይ ውሃ በፍትሕ አልተደለደለም የሚል ሰው፣ ጥቅምት 28 ቀን 1952 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የተፈረመውን ውል አላነበበም። ግብፅና ሱዳን ያን ዕለት በዓመት አስዋን ይደርሳል የተባለውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ጠብታ ሳያስተርፉ አከፋፈሉት፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን። ቀሪው 10 ቢሊዮን በትነትና በስርገት ለሚጠፋው ተያዘ። ፀሐይ እንኳ አልተረሳችም! 86 በመቶ ገደማውን ውሃ የምታመነጨው ኢትዮጵያ ግን ዜሮ ደረሳት፤ ለስብሰባውም አልተጠራችም።

ሌላ የተፋሰሱ አገር ድርሻ ቢጠይቅስ? ውሉ ለዚህም መላ አለው፦ ሁለቱ ይመክሩበትና ከተስማሙ ከየድርሻቸው እኩል ይቀንሱለታል። ደግነት ነው።

ይህ ደንብ ኮልፌ ቢገባ ስንቱን ጠብ ባበረደ! አጠና ተራ አካባቢ ያለ አንድ ግቢ እንውሰድ፤ ለሁሉም አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ። ውሃው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው የሚመጣው። ቢጫ ጀሪካኖች ከማታ ጀምረው ወረፋ ይይዛሉ፤ አንዱ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በፌስታል ታስሯል። በካይሮው ደንብ ከሆነ፣ የታች ቤት ሁለት ተከራዮች ውሃውን ለብቻቸው ይካፈላሉ፤ መሬት ላይ ለሚፈሰውም ይመድባሉ። ቆጣሪው በስማቸው የሆነው እናት አንድ ባልዲ ቢጠይቁ «ታሪካዊ መብታችን ተነካ» ተብሎ ሽማግሌ ይላክባቸዋል።

ካይሮ ግን ሽማግሌ አላሰበችም። ግንቦት 26 ቀን 2005 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሙርሲ በጠሩት ስብሰባ ፖለቲከኞች የኢትዮጵያን የሕዳሴ ግድብ ስለማሰናከልና የኢትዮጵያን አማፂያን ስለመርዳት በነፃነት ተወያዩ። ንግግሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ምስጢር በቀጥታ ሥርጭት!

(ኮልፌም ብትሆን ብዙ አትኩራ። ቆሻሻዋን ትንሹ አቃቂ ላይ ስትጥል፣ በዚያው ውሃ ጎመን የሚያለሙትን የታች ገበሬዎች አታማክርም።)

ከላይ ያሉት አገሮች በበኩላቸው ሌላ ወረቀት አዘጋጁ። በ2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበውን የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ቡሩንዲና ደቡብ ሱዳን አጽድቀውት ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ግብፅና ሱዳን ማዕቀፉን አልፈረሙም፤ ካይሮ ዛሬም «ድርሻዬ» የምትለው ያንኑ 55.5 ቢሊዮን ነው።