ሽማግሌዎቹ አንወጣም አሉ

የአማርኛ የፍቅር ፊልም ያለ ሁለት ነገር አይሠራም፤ ያለ ባለ መስታወት ሳሎንና ያለ ዝናብ። ሳሎኑ ለገጣፎ አይጠፋም፤ ቪላውን ተከራይቶ መግባት ነው። ዝናቡን ግን ከቦቴ ይገዙታል። ቀረጻ የበጋ ሥራ ነዋ፤ በክረምት ማን ካሜራውን ውሃ ያስጠጣል?

እኔ የፊልምን ጓዳ ያየሁት አንድ የፊልም ቡድን ሰንዳፋ በመጣ ጊዜ ነው። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በደሴ መስመር አርባ ኪሎ ሜትር ግድም ናት። "ሰንዳፋ ነው የምኖረው" ስል ሰው ሁሉ ኮሌታውን አስተካክሎ "ፖሊስ ነህ እንዴ?" ይለኛል፤ በፖሊስ ኮሌጁ ሰበብ። ሌላው ስማችን የተነሳው በቆሻሻ ነው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሻሻዋን እኛ ዘንድ መድፋት ጀምራ ነበር፤ ገበሬው እምቢ ብሎ በወራት ውስጥ አስቆማት። ስለዚህ ዕቃ የጫነ አይሱዙ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰፈራችን ሲቆም፣ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተከሉና ጠየቁ።

"ምንድን ነው የጫናችሁት?"

"ፊልም ነው አባባ።"

"ይሸታል?"

እኔ የተቀጠርኩት ዝም ለማሰኘት ነው። ባጃጅ ዝም፣ ውሻ ዝም፣ ወፍጮ ቤቱ ዝም። ሲኖትራኩን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል? ከዳገቱ ላይ ጥሩምባውን ሲለቀው ተዋናይቷ "እወድሃለሁ" ያለችው ለሱ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ድምፅ ቀጂው ዞሮ ያያል፤ እሱ ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያነሳ ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደገና። ድምፅ የሚቀዳውም፣ የማይኩን ዘንግ፣ ቡሙን፣ ከላይ የሚይዘውም እሱው ነው። በኛ አገር ፊልም አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ቢይዝ እንደ ብክነት ይቆጠራል።

የዝናቡ ቀን ግን ሥራዬ ጨርሶ ተረሳኝ። የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ከአፍንጫችን ሥር ነው፤ የኛ ሰፈር ቧንቧ ግን ያን ሰሞን ሲያፏጭ ነበር የከረመው። ቦቴው ደረሰ፣ ጎማው ተቀጠለ፣ ጥንዶቹ ሊታረቁ ግቢው መሀል ተፋጠው ቆሙ። "አክሽን!" ውሃው ከላይ መውረድ ሲጀምር ከየአጥሩ ቢጫ ጀሪካን ብቅ አለ። አንዷ ጎረቤታችን ባልዲዋን ከተዋናይቷ እግር ሥር አስቀመጠችና "እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፤ ጋረድሽው" አለቻት። ልጁ እንባው ከዝናቡ ጋር እየወረደ "ያላንቺ መኖር አልችልም" ሲል፣ ከኋላው "ተራሽን ጠብቂ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ዝም አሰኚው እኔ ነኝ። እኔም ጀሪካኔን ይዤ ተሰልፌ ነበር።

አስማትና ፍቅር የተቀላቀለበት ፊልም በአገራችን አልተሠራም አልልም። "ክረምብስ" ላይ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ፣ ሰማይ ላይ በተንጠለጠለ አሮጌ መንኮራኩር ሥር ሲዋደዱ አይተናል። የኛ ፕሮዲውሰር ግን ለመንኮራኩር የሚሆን ብር አልነበረውም። አስማቱን ያመጡት ግቢያቸውን ያከራዩን እማማ ናቸው፤ በነፃ። ስኒ ያያሉ። ለቀረጻው የተቀዳውን ቡና ተዋናዩ ጠጥቶ ሲያስቀምጥ ስኒውን ገለበጡት፤ አተላውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና "ከዚህ ቤት ሙሽራ ይወጣል" አሉ። ዳይሬክተሩ ሳቀ። በስክሪፕቱ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ ልጅቷ በመጨረሻ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ኮንቲኒዩቲ የምትይዘው፣ ዕቃው ከቀረጻ ቀረጻ ቦታውን እንዳይለውጥ የምትጠብቀው ልጅ ግን አልሳቀችም፤ ስኒው ተገልብጦ ስላየችው ደብተሯ ላይ ጻፈችና በቀኝ እጇ መልሳ አቀናችው።

ነገሩ የጀመረው በዚችው ልጅ ነው። ዋናዋ ተዋናይት ሜካፕ ላይ ስትቆይ፣ ልብስ ላይ የምትሰካዋን ማይክ ለሙከራ እሷ ላይ ሰኩባትና ረሷት። እሷም ረስታው ጓዳ ገብታ ከእማማ ጋር ሽንኩርት እየላጠች ወሬ ጀመረች። ውጭ ከባድ የጠብ ትዕይንት ይቀረጻል። በድንገት ቡሙ ከላይ ቀስ እያለ መውረድ ያዘ፤ ወርዶ ወርዶ የተዋናዩ አፍንጫ ላይ አረፈ። "ከት! ምን ሆነሃል?" ባለ ቡሙ ጆሮው ቀልቶ ቆሟል። በማዳመጫው ምን እንደሰማ ለማንም አልተናገረም። እማማ ግን ቡና ይዘው ሲወጡ፣ እሱ ፊት ደርሰው "ጆሮውን የደፈነው ልጅ ያልሽው ይሄ ነው?" ብለው ወደ ጓዳው ጮኹ።

ከዚያ በኋላ የድምፅ ሙከራ በዛ።

በዚህ መሀል የሽምግልናው ቀረጻ ደረሰ። ፕሮዲውሰሩ ለአጃቢ ላለመክፈል እውነተኛ የአገር ሽማግሌዎች አስጠራ። የአያቶቻችን ዘመን ሰው አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት "ሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር፤ የኛዎቹ ቡሉኳቸውን አጣፍተው ቀድመውን ደረሱ። መቼም ሽምግልናና ካሜራ እንግዳ አይደሉም። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ የሠራው "ጉማ" ከነስሙ ከደም ዕርቅ ወግ የመጣ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የጉማ የፊልም ሽልማትም ስሙን ከዚያው ወረሰ። ዳይሬክተሩ ግን ይህን ሁሉ አላሰበውም። አባት "ልጄን አልሰጥም! ውጡልኝ!" ይላል፤ ሽማግሌዎቹ አዝነው ይወጣሉ። በቃ።

አባት ሆኖ የሚሠራው አንጋፋ ተዋናይ ጠረጴዛውን መትቶ ጮኸ። ማንም አልተነሳም።

"ተቆጣ" አሉ አንደኛው፤ "ደግ ነው። የሚቆጣ አባት ልጁን ይወዳል።"

"ከት! አባቶቼ፣ እዚህ ላይ አዝናችሁ ትወጣላችሁ።"

"ወዴት ነው የምንወጣው? ገና አሁን መግባታችን ነው።"

"አልሰጥም አለ እኮ!"

"በመጀመሪያው ቀን እሰጣለሁ ያለ አባት የት አይተሃል? ነገ እንመለሳለን።"

"ነገ ሌላ ሲን ነው ያለን!"

"እሱ የናንተ ጉዳይ ነው።"

እንደገና ተቀረጸ። አሁን አንደኛው ውጭ ወጥተው እርጥብ ሣር ነጭተው መጡና ተዋናዩ ፊት ቆሙ። ስለ ልጁ ጠባይ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስክሪፕቱ ላይ ስለሌለች አያቱ ሳይቀር ተናገሩ። ተዋናዩ እየሰማ እየሰማ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። "እሺ" አለ፤ "እግዜር ይባርካቸው።" ሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ፤ ላይትማኑ፣ ሹፌሩ፣ እኔም ጭምር "ሀዬ! ሀዬ!" አልን። ፕሮዲውሰሩ ብቻ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። "በአርባኛው ደቂቃ ከተጋቡ፣ የቀረውን አንድ ሰዓት ምን ላሳይበት ነው?"

ባለ ቡሙ ግን ይህን ሁሉ በማዳመጫው አጥርቶ ሰምቷል። እሱ የሰበታ ልጅ ነው፤ ሊያገባት ያሰባት የኮንቲኒዩቲዋ ልጅ ወላጆች ቡራዩ ናቸው። ዘመድ ከማስቸገር የሠለጠነ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ይሻላል አለና እነዚያኑ ሽማግሌዎች በቡድኑ ሚኒባስ አሳፈረ፤ አዲስ አበባን አቋርጠን ቡራዩ ገባን። ዳይሬክተሩም አብሮን ነበር። የልጅቷ አባት ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡና ጠረጴዛውን መትተው "ልጄን አልሰጥም! ውጡልኝ!" አሉ፤ ቃል በቃል።

አንደኛው ሽማግሌ ወደ ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው "ልጄ" አሉት በሹክሹክታ፣ "ይሄን ሰውዬ ማን አስጠናው?"

ተመላለሱ፤ ሣሩም ተነጨ፤ ሠርጉ ለጥር ሆነ፤ ድንኳኑም እማማ ግቢ ተተከለ። ፕሮዲውሰሩ ካሜራ አስይዞ ሲመጣ ለትዝታ መስሎን ተመሰጋገንን። ለካ ዓረብ አገር የምትሄደውን ልጅ ከመንገድ መልሶ ስክሪፕቱን ለውጧል። አሁን በፊልሙ መጨረሻ የሚታየው ድግስ እሱ ነው፤ ለአጃቢ አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። ከሙሽሮቹ ጀርባ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ አፉን ሞልቶ የሚታየውም እኔ ነኝ።