አንድ ብሎን፣ ሙሉ ሠፈር መሐንዲስ

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 2፣ በሐምሌ ወር ቬንቲላተር የቤት ዕቃ አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። እንግዳ ሲገባ ከልጆቹ ቀድሞ የእሱ ጤና ይጠየቃል። ካምሲን አቧራውን አዝሎ ሲነፍስ፣ ሙቀቱም 40 ዲግሪን ሲሻገር፣ በሳንቃና በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያለ ቬንቲላተር መዋልን የቀመሰ ያውቀዋል። ኤር ኮንዲሽነር ያለው ጎረቤትም አለ፤ የመብራት ሂሳብ በመጣ ማግስት ግን እሱም ከእኛው ጋር ነው።

የእኛው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ዘገመ፤ ከዚያ ቆመ። በሽታው የታወቀ ነው፦ አቧራና ፀጉር ከአሮጌ ዘይት ጋር ተለውሶ ዘንጉን ይዞታል። ቢከፈት፣ ቢጠረግና ጠብታ ዘይት ቢያገኝ ይነሳል። ለመክፈት ደግሞ የኋላ ሽፋኑን የያዘችውን አንዲት ብሎን መፍታት ነው። እሷ ግን ጭንቅላቷ ተበልቷል። ማን በላት? ዕቃውን የወረስነው ከእኛ በፊት ቤቱን ተከራይተው ከነበሩ ሰዎች ስለሆነ፣ ተጠያቂው አገር ለቋል። ከእሱ የተረፈውን ጨዋማው የባሕር አየር በዝገት ጨርሶታል።

ለነገሩ ይህን ቬንቲላተር የሚያዞረው መብራት ብዙው ከአገር ቤት፣ ከኢትዮጵያ፣ የሚመጣ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከድሬዳዋ በኩል፣ ያን ሁሉ በረሃ በሽቦ ተንጠልጥሎ አቋርጦ ጅቡቲ ይገባል። ድንበር ያላቆመውን ኃይል እኛ ቤት ሲደርስ አንዲት የተበላች ብሎን አቆመችው።

ቬንቲላተሩ ወደ ደጅ ወጣ። የተበላ ብሎን ደጅ ከወጣ ደግሞ የግል ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። መጀመሪያ የደረሰው የማዕዘኑ ባለሱቅ ነው፤ ካቻቢቴውን ይዞ። በእኛ መንገድ ላይ የሚታወቀው ካቻቢቴ አንድ ነው። የራዲዮውንም፣ የበሩንም፣ የስፌት መኪናውንም ብሎን የሚፈታው እሱው ነው፤ አልፎ አልፎ የቀለም ቆርቆሮ ይከፈትበታል። ባለሱቁ ሁለት ጊዜ አሽከረከረና፣ ብሎኗ ባለችበት ቀርታ ካቻቢቴው ብቻ ዞረ። ከዚያ እንጀራ የሚሸጡት እትዬ የሽንኩርት ቢላቸውን አመጡ፤ የቢላው ጫፍ ተቆለመመ፤ እሳቸውም ጥፋቱን በቬንቲላተሩ ላይ አድርገው ተመለሱ። ቀጥሎ አንድ ባለታክሲ አረንጓዴና ነጭ መኪናውን መንገድ መሀል አቁሞ ወረደ። ወቅቱ ጫት የሚገባበት ቀትር ነው፤ በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ሰው ከጫት የሚያስቀድመው ነገር ጥቂት ነው። ብሎኗን ግን አስቀደማት።

አንዱ «በእሳት እናሙቀው» አለ። ነገሩ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲጣበቅ ሙቀት ይረዳል፤ አሉሚኒየሙ ከብረቱ ይልቅ ስለሚሰፋ ይለቀዋል። የእኛው ሽፋን ግን ፕላስቲክ ነው። ደግሞስ በሐምሌ፣ በካርቲየ 2፣ ያልሞቀ ምን ቀርቶ ነው? ሌላው «ጭንቅላቷን በመጋዝ ሰንጥቀን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እንፍታት» አለ። ይህም ደንበኛ ዘዴ ነበር፤ ብሎኗ ጉድጓድ ውስጥ ባትቀመጥና መጋዝ ቢደርስባት።

እውነቱን ለመናገር የጥፋቱ ግማሽ የብሎኗ የራሷ ነው። ባለመስቀል ብሎን በአሜሪካዊው በሄንሪ ፊሊፕስ ስም የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቀድመው የወደዱት የመኪና ፋብሪካዎች ናቸው። መስቀሉ ካቻቢቴውን በራሱ ጊዜ መሀል ላይ ስለሚያስቀምጠው ሥራ ያፋጥናል። የመስቀሉ ግድግዳ ግን ተዳፋት ነው። አጥብቀህ ባዞርክ ቁጥር ካቻቢቴውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በተገፋ ቁጥር ጫፉ ይንሸራተታል፤ በተንሸራተተ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ብረት ይልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ረዳት ሲመጣ ብሎኗ ከቀድሞው ይልቅ ክብ ትሆናለች። ሮበርትሰን የተባለ ካናዳዊ ከፊሊፕስ በፊት ባለአራት ማዕዘን ቀዳዳ ብሎን ሠርቶ ነበር፤ የእሱ እንዲህ አይንሸራተትም። ካናዳ ግን ከካርቲየ 2 ሩቅ ነው።

«አቦ! ማነው ቡና እንደሚፈጭ ሰው የሚያሽከረክረው?»

ከግቢያችን ጥላ ሥር ፍራሽ ላይ ጋደም ያሉት አዛውንት ናቸው። የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ የሸሚኖ (የባቡር ሠራተኛ) ልጅ፣ ራሳቸውም ሸሚኖ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ (ሁለቱም በፈረንጅ ነው) ድሬ ላይ የቀረው ትልቁ የባቡር ጥገና አትሊየ ትውልድ ሁሉ ብረት ሲያነጋግር አሳድጓል። እሳቸውም አይነሱም እንጂ ከተነሱ ወግ አላቸው። የባለሱቁን ካቻቢቴ ተቀብለው ጫፉን አዩና፣ «ይሄ ካቻቢቴ አይደለም፤ የካቻቢቴ ሬሳ ነው» ብለው መለሱለት። የራሳቸውን ከፍራሹ ሥር፣ በጨርቅ ከተጠቀለለ ጥቅል አወጡ። በመርፌ መስቀሉ ውስጥ ያለውን ዝገት ጠራረጉ፤ ጠብታ ዘይት አኖሩ፤ ሻይ አዘዙ። ሻዩ እስኪያልቅ ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም። ዘይት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሸሚኖም እንዲሁ።

ከዚያ ካቻቢቴውን በብሎኗ ላይ ተክለው በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርገው ጠቅ ጠቅ አደረጉት፤ ጫፉ እንዲነክስ፣ ዝገቱም እንዲሰነጠቅ። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ቆርጠው በጫፉና በመስቀሉ መካከል አስገቡ። ደረታቸውን በካቻቢቴው እጀታ ላይ ጣሉና ወደ ቀኝ ገፋ አደረጉ።

«ጋሼ! እየጠበቀ እኮ ነው!» ብሎ ሠፈሩ ጮኸ።

«መጀመሪያ ከዝገቱ ጋር ላጣላት» አሉ፤ «መግፋት ነው ልጄ፣ መዞሩ ትርፍ ነው።»

ወደ ግራ ሲመልሱት አንድ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ብሎኗ ወጣች። እልልታው የብሎን አይመስልም ነበር።

ዘንጉ ተጠረገ፣ ዘይት ጠጣ፣ ቬንቲላተሩ በአንድ ጣት ግፊት ዞረ። አዛውንቱ «አዲስ ብሎን ሳታመጡ እንዳትገጥሙት» ብለው ወደ ፍራሻቸው ተመለሱ፤ እኔም ብሎን ፍለጋ ወደ ሌ ኬስ ገበያ ወረድኩ። ስመለስ ቬንቲላተሩ ቤት ውስጥ በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል፤ ፊት ለፊቱም ባለታክሲው ጫቱን ይዞ ተቀምጧል። ለካ እኔን ላለማስቸገር አሮጊቷን ብሎን ራሱ መልሶ አስሯታል፤ በባለሱቁ ካቻቢቴ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ።

«እንዳትሰጋ ወንድሜ» አለኝ በድሬ አማርኛው፤ «አሁን ማንም አይፈታትም።»