ማዘጋጃ ቤት ለሽርሽር

የዳንግላ ልጅ ነው፤ አሁን የሚኖረው ብራስልስ። በቀደም ለቤተሰቡ ፎቶ ላከ። ከጀርባው ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃ፣ እሱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ። ከሥሩ «የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ስጎበኝ» ይላል። ስልኩ ቡና ላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ካርታው ወጥቶለት ነው መሰለኝ» አሉ አንድ አባት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሊጎበኝ ሄዶ ነው።»

«ማዘጋጃ ቤትን?» ወደ እናቱ ዞረው «ይሄ ልጅ ደኅና ነው?»

ሕንፃውስ ይጎበኛል። ጎቲክ በሚባለው አሠራር የታነጸው ማማ በእነሱ አቆጣጠር በ1455 አልቆ ቁመቱ 96 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይጣንን ረግጦ ቆሟል (እናትየው የተረጋጉት ይህን ሲሰሙ ነው)። በ1695 የፈረንሳይ መድፈኞች ማማውን ዒላማ አድርገው ሲተኩሱ ዙሪያው ያሉት ቤቶች ጋዩ፤ ዒላማው ተረፈ። ማማው ታዲያ መሐል ላይ አይደለም፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይረዝማል። በአፈ ታሪክ ሠሪው ይህን አይቶ ከላይ ራሱን ወረወረ ይባላል። እኛ ጋ ቢሆን «ከፕላን ውጪ» ተብሎ ቀይ ቀለም ይቀባበት ነበር እንጂ ሰው አይሞትበትም።

እንጅባራ ላይ ሰው ደስ ብሎት የሚወጣው ጥር 23 ቀን ለፈረሰኞች በዓል ነው፣ ፈረሱን አስጊጦ። ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ ግን ፌስታል ውስጥ የከተተውን ፋይል በብብቱ ሸጉጦ፣ አንገቱን ከአጥሩ ውጪ ጀምሮ ሰበር አድርጎ ነው። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሆነ ጠይቁት፤ አያውቅም። ፈራሚው ለምሳ የሚወጣበትን ደቂቃ ግን አይስትም። አርቱሮ ሜዜዲሚ በ1950ዎቹ የነደፈው የአዲስ አበባው ማዘጋጃ ቤት እንኳ ፒያሳ ላይ ያን ያህል ተገትሮ፣ ከአገው ምድር የሄደ እንግዳ አልፎት ምኒልክ ሐውልት ሥር ፎቶ ይነሳል። ለነገሩ እዚያ ፈረስ አለ።

እኔ በልጁ ቀንቼ አንዱን ማዘጋጃ ቤት ልጎበኝ ሄድኩ። የከተማውን ስም አልናገርም፤ ሌላ ጉዳይ አለኝ እዚያ።

«ምን ጉዳይ ነበረዎት?» አለኝ ጥበቃው።

«ምንም። ሕንፃውን ላይ ብዬ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና በእዝነት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህማ አይገባም ጋሼ። አንድ ጉዳይ ይዘው ይምጡ፤ እስኪያልቅ በደንብ ያዩታል።»