ባዶ ፉርጎ

የእህቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ የባቡር አሻንጉሊት ይዞ መጣ። አሻንጉሊት ስለው ይከፋዋል። «ሞዴል ነው ጋሼ፤ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ» ይለኛል። ይሁን። ግን ፉርጎዎቹ ባዶ ናቸው፤ ጭነቱ ለብቻው ነው የሚሸጠው። የአንዲት ክምር ግንድ ዋጋ ወደ ብር ሲመነዘር እዚህ የካ ሚካኤል ስንት ሸክም ማገዶ እንደሚገዛ አስቡት።

ባዶ ፉርጎ ደግሞ ዓይኔ አይወደውም። እንደ ፈረንጆቹ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ቡናና ቆዳ ይዞ ይወርድ፣ ጨውና ሸቀጥ ይዞ ይወጣ ነበር። «ጭነቱን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩት።

ከቡና ጀመርን። አንድ ፍሬ ቡና አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ87 ሲባዛ ቋጥኝ ይሆናል። ጤፍ እንኳ ድንች ያህላል! ስለዚህ ፍሬውን ትተን ጆንያውን ሠራን፤ የፋሻ ቁራጭ በሻይ ነክረን፣ ሰጋቱራ ሞልተን፣ በክር አሰርነው። የጣት አንጓ የሚያህል ሰው ቢኖረን ይሸከመው ነበር።

ግንዱ ግን ባሕር ዛፍ መሆን አለበት። በምኒልክ ዘመን ይህ ዛፍ ባይመጣ፣ ማገዶ ያጣችው ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ተነሥታ በቀረች ነበር ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው ዳገት ወጥቼ እርሳስ የሚያህሉ የወደቁ ቀጫጭን ጭራሮዎች ስለቅም ጥበቃው ደረሰብኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ለባቡር ጭነት።»

ጭራሮውን አየ፤ እኔን አየ። «ባቡሩ በዚህ አያልፍም እኮ፤ መገናኛ ነው የሚገኘው።»

አንዲት እናት ወገባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሲወርዱ ቆም አሉና እጄን አዩ። «ይቺን ለመሸከም ነው ባቡር ያስፈለገህ ልጄ?» ጥበቃው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ግን የሳቸውን ሸክም እያየሁ መልስ አጣሁ። በዚህ ዳገት ስንት ዓመት የሴት ጀርባ ፉርጎ ሆኖ ኖሯል!

ቤት ገብቼ ልጣጩን ልጬ፣ በስምንት በስምንት ሴንቲ ሜትር ቆርጬ፣ እንዲደርቅ ምድጃው አጠገብ አሰጣሁት። ጠዋት ከእህቴ ልጅ ጋር ኮላና ክር ይዘን ብንመጣ ጀበናው እየተንተከተከ ነው፤ ግንዱ የለም።

«እዚህ የነበረው ጭራሮስ?» አልኳት ባለቤቴን።

«እንዴት ያለ ደረቅ ነበር!» አለች ስኒውን እያቀረበች። «አንድ ክብሪት አልጨረሰም።»