ፍርሃትና የደን ልማት በቤይሩትና አካባቢዋ

ሌሊት ብቻውን በደን ውስጥ የሚሄድ ሰው ይፈራል። ይህን ለማስረዳት ጥናት አያስፈልግም። ጥናት የሚያስፈልገው ፍርሃቱ ምን ጥቅም ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ ነው። በጉዳዩ ላይ እስከ ዛሬ የተናገረ ሁሉ፣ ከአያቶች ተረት ጀምሮ እስከ ሥነ ልቦና መምህራን ድረስ፣ ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ሲያየው ኖሯል፤ ደኑ አለ፣ ስለዚህ ሰው ይፈራል። ይህ ጽሑፍ የተገላቢጦሹን ይዞ ይከራከራል፤ ፍርሃቱ አለ፣ ስለዚህ ደኑ ይበቅላል። ለማስረጃ የተመረጠችው ቤይሩት ናት። ምርጫውም በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም፤ በመሀል ከተማ ያለ ደን፣ የሚያስፈራ ነገርና ሌሊቱን ሌሊት የሚያሰኝ የመብራት እጦት ሦስቱም ተሟልተው የሚገኙበት ዋና ከተማ ብዙ የለም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በፍርሃት ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት መጨመር አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።

ሆርሽ ቤይሩት በከተማዋ ደቡብ፣ ከፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ አጠገብ የሚገኝ ባለ ሦስት ማዕዘን የጥድ ደን ነው። ዛሬ ስፋቱ 300,000 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ እንደነበረ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ገዥ ሁሉ ከዳሩ ሲቆርስ ኖረ፤ አንዱ ለመንገድ፣ አንዱ ለመቃብር፣ አንዱ ለፈረስ ውድድር። በኦቶማኖች ዘመን ለቁማርና ለመዝናኛ ተብሎ የተጀመረው ትልቅ ቤት በኋላ የፈረንሳይ ሹም መኖሪያ ሆነ፤ ፈረንሳዊው ጄኔራል ጉሮ መስከረም 1 ቀን 1920 ታላቋን ሊባኖስ ያወጀው እዚያው በጥዶቹ መካከል ቆሞ ነው። በቀን እንዳወጀ ልብ ይሏል። በ1982 የእስራኤል ድብደባ ጥዱን አቃጠለው። በ1990ዎቹ በፓሪስ ክልል አስተዳደር እርዳታ እንደገና ተተከለ፤ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስም በሩ ተዘጋ። ችግኙ ጠነከረ፣ በሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የአገሩ ተወላጅ የሚገባው ዕድሜው ከ35 በላይ ሆኖ ከማዘጋጃ ቤት የፈቃድ ወረቀት ሲይዝ ነበር፤ ፈረንጅ ሲመጣ ግን ፊቱ እንደ ወረቀት ይቆጠርለት ነበር። ለመዘጋቱ ይቀርብ የነበረው ምክንያት ፍርሃት ነበር፤ ሕዝቡ እሳት ያነዳል፣ ቆሻሻ ይጥላል፣ ደኑ የሱኒ፣ የሺዓና የክርስቲያን ሰፈሮች የሚገናኙበት በመሆኑ ጎረምሳው ይደባደባል። ማዘጋጃ ቤቱ ፈራ፤ ጥዱም አደገ። «ነህኑ» የተባለ ድርጅት ለዓመታት ከወተወተ በኋላ በ2015 በሳምንት አንድ ቀን፣ በ2016 ደግሞ በየቀኑ ተከፈተ። ዛሬም ቢሆን ሲመሽ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በሆርሽ ውስጥ ሌሊት መፍራት በሕግ አልተፈቀደም፤ መፍራት የፈለገ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይፈራል።

አንድ ማስረጃ አያሳምንም የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ወደ ሰሜን ይራመድ። በ1975 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ የከፈላት መስመር ከሰማዕታት አደባባይ ተነሥቶ በደማስቆ መንገድ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። በግራና በቀኝ ያሉት ፎቆች የአልሞ ተኳሾች ምሽግ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ በሶዴኮ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለው የበረካት ሕንጻ፣ ጥይት እንደበሳሳው ቆሞ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በዚያ መስመር ላይ አስፋልቱ ተሰነጠቀ፤ በስንጥቁ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ቀጥሎ የሰው ቁመት የሚበልጥ ዛፍ በቀለ። የችግኝ ጣቢያ አልነበረም፣ የተከላ ዘመቻ አልነበረም፣ አካፋ ይዞ ፎቶ የተነሣ ባለሥልጣን አልነበረም። በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በተነገረባት በኢትዮጵያ ሚሊዮኖች ጉድጓድ መቆፈር ነበረባቸው፤ በቤይሩት ግን ለአንድ ጎዳና አንድ ጠመንጃና አንድ መስኮት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። በ1990 ጦርነቱ አለቀ፣ ሰው መፍራት ተወ፣ ቡልዶዘር ገባ፤ ዛፎቹም ከፍርስራሹ ጋር ተጠርገው ወጡ። የሰላም ስምምነት አካባቢን እንዴት እንደሚጎዳ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ሐሳቡ አዲስ ነው ብሎ መኩራራትም አያስኬድም፤ ጥንታውያኑ ያውቁት ነበር። በጥንታዊው የመስጴጦምያ የጊልጋሜሽ ታሪክ ኤንሊል የተባለው አምላክ የዝግባውን ደን እንዲጠብቅለት ሁምባባን ሲሾም የሥራ ዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውን ማስፈራራት። ሁምባባ ውኃ አያጠጣም፣ አይኮተኩትም፣ አይገርዝም፤ ያስፈራል፣ ደኑም ይኖራል። ጊልጋሜሽና ጓደኛው ኤንኪዱ ገደሉት፣ ወዲያውም ዛፍ መቁረጥ ጀመሩ፤ በ2014 ይፋ የሆነው የጽላት ቅጂ እንደሚያሳየውም ኤንኪዱ ደኑን ባድማ በማድረጋቸው ይጸጸታል። በዘርፉ የመጀመሪያው የታወቀ የአካባቢ ጥበቃ ሪፖርት ይህ ሳይሆን አይቀርም። የሮማው ንጉሥ ሐድሪያን ጭራቅ መቅጠር ስላልቻለ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሊባኖስ ተራሮች ዓለት ላይ አራት የዛፍ ዓይነቶች የንጉሡ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አስቀረጸ፤ ሁለት መቶ ያህሉ ተገኝቷል። ማንበብ የማይችል እንጨት ቆራጭም የንጉሥ ጽሕፈት ሲያይ ምን ሊመጣበት እንደሚችል ይገባዋል። በ1876 ደግሞ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በብሻሬ ላለው የዝግባ ደን የድንጋይ አጥር የሚሠራበትን ገንዘብ ሰጠች፤ ፍየል ንጉሥንም ጭራቅንም እንደማይፈራ በዚያን ጊዜ ታውቆ ነበር።

የአገራችን ማስረጃ ከዚህ ጋር ይስማማል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል ያየ ሰው በታረሰው ቡናማ መሬት መካከል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጥቦች ያያል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዙሪያው ለእርሻና ለማገዶ ሲያልቅ ወይራው፣ ጥዱና ኮሶው እዚያ የቀሩት ገበሬው እንጨት ስላልቸገረው አይደለም፤ የታቦቱን ዛፍ የቆረጠ ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቅ ነው። የግዝት ፍርሃት የሰራዊት ሥራ ሠርቷል። ሆኖም እዚህም ፍርሃቱ ብቻውን አልበቃም፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲከበቡ የደከሙት ከብት ግዝት ስለማይሰማ ነው። እንጦጦስ የሚል ካለ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የተተከለው ማገዶ ስላለቀ እንጂ ጅብ ስላስፈራ አይደለም። ነገር ግን መሬቱን ባሕር ዛፍ ያለበሰ ከግብር ነጻ ይሆን እንደነበር ይነገራል፤ ግብርን ከጅብ አሳንሶ የሚፈራ ባላገር ደግሞ እስካሁን አልተመዘገበም።

ጅብ ከተነሣ አይቀር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በሁለቱም አገር የሌሊት ፍርሃት ሊቀ መንበር እሱ ነውና። የሊባኖሱ ባለ ሽንትር ጅብ ከኛው ባለ ነጠብጣብ ያነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥንብ ለቅሞ የሚያድር ዓይን አፋር አውሬ ነው። በእኛ ዘንድ ቡዳው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ጅቡ በጭራው ሽንቱን ሲረጭበት ሰውየው ልቡን ይስትና እስከ ዋሻው ድረስ ይከተለዋል፤ የሚነቃው ግንባሩ ከዋሻው ደፍ ጋር ተጋጭቶ ደም ሲፈሰው ብቻ ነው። በሁለቱም ታሪክ ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው፤ ጅቡ ስሙን ብቻ አዋጥቷል። እንግዲህ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ ቤይሩት ዳርቻ ቢደርስ ቁርበቱ ይነጠፍለት ነበር፤ የሚያነጥፉለት ግን በጥይትና በመርዝ ነው። የሊባኖስ ተራሮች ያለ ደመወዝ የሚሠራውን ጥበቃቸውን በዚህ ሁኔታ አሰናበቱት። ሐረርም ለክርክሩ ትረዳለች፤ እዚያ ከግንቡ ውጭ ጅብ በሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል፣ ቱሪስት አጠገቡ ፎቶ ይነሣል፣ የሚፈራው የለም። ደንም የለም።

የዕጽዋት ባለሙያው ተቃውሞ የሚጠበቅ ነው፤ ዛፍ የሚያበቅለው ዝናብ፣ አፈርና የፍየል አለመኖር ነው ይላል። ትክክል ነው። ፍየሉ ያልመጣው ግን እረኛው ስለፈራ ነው፤ ዝናቡማ ሳይፈሩ ለሚገነቡትም ይዘንባል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ፍርሃት ደን የሚያበቅል ከሆነ ቤይሩት እስካሁን ለምን ዱር አልዋጣትም? ጥቅምት 9 ቀን 2021 ዴር አማርና ዛህራኒ ያሉት ሁለቱ ዋና የኃይል ማመንጫዎች ነዳጅ አልቆባቸው ቆመው የመንግሥት መብራት በመላ አገሪቱ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ የመንገድ መብራት ሳይበራ ያደረባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ኢሽቲራክ የሚባለውን የጄኔሬተር ክፍያ የሚከፍለው ቤት በሰፈሩ ጄኔሬተር ያበራል፣ መንገዱ ጨለማ ነው። ፍርሃት ሞልቷል፣ ዛፉ የት አለ? መልሱ ፍርሃት ደን የሚሆነው ቦታን ሰው አልባ ሲያደርግ ብቻ ነው የሚል ነው። የከተማው ሰው ፈርቶ ይቸኩላል እንጂ መንገዱን አይተውም፤ መብራቱን ያጠፋ ሞተር ሳይክል በየደቂቃው በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ሣር ሥር አይሰድም። የማይፈራ አገር የሚደርስበትንም ጥቅምት 2019 አሳይቷል። ከቤይሩት በስተደቡብ ያለው የመሽረፍና የዳሙር ጫካ ሲነድ፣ በ2009 በመዋጮ የተገዙት እሳት ማጥፊያ ሄሊኮፕተሮች ጥገና አጥተው ቆመው ነበር። እሳትን በጊዜው የፈራ ባለሥልጣን ቢኖር ኖሮ መለዋወጫ ይገዛ ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከራሳችን ሰው የሚነሣ ስለሆነ በጥንቃቄ መመለስ ይገባዋል። እሑድ ማታ ከዶራ ወይም ከቡርጅ ሐሙድ ተነሥታ፣ ሰርቪስ የሚባለው የጋራ ታክሲ ግማሽ መንገድ ላይ ያወረዳት ኢትዮጵያዊት በሆርሽ አጥር ጥግ ስትሄድ ትፈራለች። ቁልፏን በጣቶቿ መካከል አሹላ ይዛለች። ካርዱ ያለቀ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ በአማርኛ ጮክ ብላ «እሺ፣ ደርሻለሁ፣ በር ላይ ጠብቀኝ» ትላለች፤ የሚጠብቃት የለም። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጥድ አያስፈራትም፤ ዛፍ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ አይጠይቅም። የሚያስፈራት ኋላዋ ፍጥነት የቀነሰው ሞተር ሳይክል ነው፣ ኬላ ላይ የቆመው ወታደር ነው፣ ወረቀቷ በአሠሪዋ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ መሆኑ ነው። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ ከአንድ አሠሪ ስም ጋር ታስሯል፤ ያ ስም ከሌለ ሌሊቱም ቀኑም ያው ነው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚለው የኛ ተረት እሷ ጋ አይሠራም፤ እሷ የምትፈራው ምክንያት ቆጥራ ነው። እንግዲህ ተቃዋሚው ይጠይቃል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ለአሠርት ዓመታት እንዲህ ከፈሩ፣ በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት የበቀለው ደን የታለ?

አለ። ተቃዋሚው የፈለገው መሬት ላይ በመሆኑ ነው ያጣው። የአሽራፊየንና የሐዝሚየን ፎቆች ቀና ብሎ ያየ ሰው በየበረንዳው ጃስሚን፣ ጄራኒየም፣ በቆርቆሮ የተተከለ ባዚልና ሎሚ ያያል። በየማለዳው የምታጠጣው፣ የደረቀውን ቅጠል የምትለቅመው፣ ሰሐኑን የምትወለውለው በአብዛኛው ከውጭ የመጣችው የቤት ሠራተኛ ናት። በእነዚህ በረንዳዎች ላይ የንድፈ ሐሳቡ ቅድመ ሁኔታ ሁሉ ተሟልቷል፤ ፍርሃቱ ቋሚ ነው፣ ቦታው አጥር አለው፣ የምትፈራውም ሴት በሩ ስለተቆለፈ የትም አትሄድም። ከሆርሽ የሚለየው ውኃው በየዕለቱ በእጅ መቅረቡ ብቻ ነው። በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣና ዶላር ሲጠፋ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው ሐዝሚየ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ ሌሊቱን ውጭ አደሩ፤ ፈርተውም ነበር። ያደሩበት ቦታ የእግረኛ መንገድ እንጂ ደን ስላልሆነ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።